ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ለምን ይደበዝዛል?



ዓረፋ በደረሰ ቁጥር ግቢያችን ይሳሳል። ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ጥያና ወደ ቡኢ የሚሄደው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይሰለፋል። አዲስ አበባ የሚነግደውም ሌላ ክልል የሚሠራውም ያን ሰሞን ቤተሰቡ ዘንድ ይገባል። ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ምጣዱ ከጠዋት ጀምሮ አይበርድም፣ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ቦታ ይጠፋል። እኛ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የምንማር ደግሞ ገና አረፍ ሳንል አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል፦ «እስኪ ንገሩን፤ ምጣድ ስንሰካ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል?»

ከህዳሴ ግድብ ምረቃ ወዲህ ጥያቄው ጭማሪ አግኝቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ኃይል እያለ የኛ አምፖል ለምን ይፈዛል?» ይሉናል አባቶች። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ግድቡ ዘንድ አይገኝም። ኤሌክትሪኩ እስከ 500 ኪሎ ቮልት በሚደርስ መስመር አገር አቋርጦ ይመጣል፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል፣ ሰፈር ውስጥ ባለው ትራንስፎርመር ደግሞ ለቤት ወደሚስማማው 220 ቮልት ይቀየራል። ይህን ሁሉ መንገድ በሰላም የመጣው ኃይል ከሰፈሩ ምሰሶ እስከ ምጣዱ ባለችው የመጨረሻ አጭር መንገድ ላይ ሊባክን ይችላል። ከዚህ መንገድ ግማሹ የሚገኘው በገዛ ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የመደብዘዙን ምክንያት ደረጃ በደረጃ እንዴት መፈለግ እንደሚቻል እናያለን። አብዛኛው ሥራ ዓይንና ደብተር ብቻ ይፈልጋል። ዋናውን መልእክት ግን ከወዲሁ እንናገር፦ አምፖል ደበዘዘ ማለት ከ220 ቮልቱ የተወሰነው ሌላ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው። የቀረበት ቦታ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ጥያቄው «መብራቱን እንዴት እናድምቀው?» ከመሆኑ በፊት «ሙቀቱ የት ነው ያለው?» መሆን አለበት።

መደብዘዝ ምንድን ነው?

ዶርም የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ምድር ቤት ያሉት ሁሉ ቧንቧ ከከፈቱ አራተኛ ፎቅ ሻወር የሚወስደው ሰው ሳሙናውን እንደተቀባ ይቀራል። ውሃው ከታንከሩ አላለቀም፤ ብዙ ውሃ በቀጭን ቱቦ ሲሮጥ ግፊቱ መንገድ ላይ አልቋል። ቮልቴጅ ግፊቱ ነው፣ አምፔር የሚፈሰው መጠን ነው፣ የሽቦው ተቃውሞ ደግሞ የቱቦው ጥበት ነው። ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ እኛም 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ የተማርነው ሕግ ይኸው ነው፦ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት አምፔሩ በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው።

አንድ አምፖል ብቻውን ሲበራ የሚስበው አምፔር በጣም ትንሽ ነው፤ ሽቦው የታመመ ቢሆን እንኳ አያስታውቅም። 3,500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ገደማ ይጠይቃል። በሽታው የሚገለጠው ያኔ ነው። ምጣዱ በሽታውን አላመጣም፤ አሳየው እንጂ።

ባለ ክሩ ክብ አምፖል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳልና ዓይን ወዲያው ይለየዋል። ኤልኢዲ አምፖል ግን ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ እኩል እንዲያበራ ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አምፖሎቹን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ የቀየረ ቤት ችግሩ ተወገደ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የተወገደው ግን ምስክሩ ነው። እንዲህ ባለው ቤት ምልክቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው፦ ምጣዱ ለመጋል ቆየ ወይ? እንጀራው ዓይን ማውጣት አቆመ ወይ? ቆጮው ሳይበስል ደረቀ ወይ? ከማንም በፊት የሚያውቁት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸውና በመጀመሪያ እነሱን እንጠይቅ።

በመጀመሪያ ማን አብሮ እንደደበዘዘ እንይ

መሣሪያ ከማንሳታችን በፊት አንድ ምሽት በደብተር እንከታተል። የምንጽፈው ሁለት ነገር ነው፦ መቼ ደበዘዘ? ከማን ጋር ደበዘዘ?

አንድ አምፖል ብቻ ከሆነና ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ነገሩ እዚያው አምፖሉ ዘንድ ነው። አምፖሉን ከሌላ ክፍል ጋር አቀያይሩት። ችግሩ አብሮት ከሄደ አምፖሉ አርጅቷል፤ እዚያው ከቀረ መያዣው ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ላልቷል።

አንድ ክፍል ወይም አንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሳሎኑ ደህና ሆኖ ጓዳውና ማድቤቱ ከደበዘዙ፣ ችግሩ ያለው ወደዚያ ወገን በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ቆጣሪውም የውጭው መስመርም ነፃ ወጡ ማለት ነው።

ቤቱ በሙሉ ደብዝዞ የጎረቤቱ ደህና ከሆነ ጥርጣሬው ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው እስከ ዋናው ብሬከር ባለው መንገድ ላይ ያርፋል።

ጎረቤትም አብሮ ከደበዘዘ፣ በተለይ ማታ ከመግሪብ በኋላ፣ የሰፈሩ መስመር ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። በረመዳን የኢፍጣር ሰዓት ይህ በደንብ ይታያል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምድጃውን ይለኩሳልና። ከትራንስፎርመሩ የራቀው፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ከሁሉ የበለጠ ይጎዳል። ይህን ቤት ውስጥ ሽቦ በመቀየር ማስተካከል አይቻልም።

ሰዓቱም ይናገራል። የመስጊዱ የውዱእ ውሃ ፓምፕ ወይም ማቀዝቀዣ ሲነሳ መብራቱ ለአንድ ሰከንድ ያህል ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ብዙም አያሳስብም፤ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ አምፔር ለአፍታ ይስባል። መብራቱ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚወርድና የሚወጣው ቀን ቀን ብቻ ከሆነ አካባቢው ላይ ብየዳ ቤት መኖሩን ተመልከቱ። ምጣዱ ተሰክቶ እስኪነቀል ድረስ ደብዝዞ የሚቆይ ከሆነ ግን ከዚህ በታች የምናየው ጉዳይ ነው። ምንም ሳይሰካ ነፋስ ሲነፍስ ወይም በር ሲዘጋ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሽቦ ላልቷል፤ ይህን ለነገ ማሳደር አይገባም።

አንድ ቤት በቁጥር

ነገሩ በደንብ እንዲገባን አንድ ቤት እናስብ። ቤቱን ጥያ ላይ እናድርገው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች ያሉባት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ናት። ቤቱ በአካባቢያችን እንደምናውቃቸው ብዙ ቤቶች ነው፦ ከፊት ሳሎንና መኝታ ክፍል፣ ቆጣሪው በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ማድቤቱ ደግሞ ከጓሮ። ከቆጣሪው እስከ ማድቤቱ 30 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተዘርግቷል። መሐል ላይ አንድ መገጣጠሚያ ሳጥን አለ።

የዚህ ሽቦ ተቃውሞ በኪሎ ሜትር 7.4 ኦም ያህል ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳልና 30 ሜትሩ 60 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ተቃውሞው 0.44 ኦም ነው። ሽቦውና መገጣጠሚያው ጤነኛ ከሆኑ ምጣዱ ሲሰካ 7 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማድቤቱ 213 ቮልት ያገኛል። ዓለም አቀፉ የቤት ሽቦ ዝርጋታ መመዘኛ ለመብራት መስመር እስከ 3 በመቶ፣ ለሌላው እስከ 5 በመቶ የሚደርስ መውረድን ይመክራል። 7 ቮልት የ220 ቮልት 3 በመቶ ግድም ነው፤ ይሄ ቤት ጤነኛ ነው።

አሁን መሐል ያለው መገጣጠሚያ ላላ እንበል። ቆጣሪው ጋ 220 ቮልቱ ሳይነቃነቅ ማድቤቱ 203 ቮልት ብቻ አገኘ። 17 ቮልት ጠፋ ማለት ነው። ብዙ ሰው 203 ሲያይ «ምን አለበት? ይሠራል እኮ!» ይላል። እውነትም ይሠራል። በብዙ አገር ደንብ ከተጻፈው ቮልቴጅ 10 በመቶ ግድም መውረድ ይፈቀዳል፤ 203 ከዚያ ገደብ ውስጥ ነው። የማድቤቱ ክብ አምፖል ሩብ ያህል ብርሃኑን ያጣል፣ ምጣዱ ከኃይሉ 15 በመቶ ይቀንሳል፣ እንጀራው ግን ይጋገራል።

ሒሳቡን ግን እንጨርሰው። በ203 ቮልት ምጣዱ 14.7 አምፔር ይስባል። ሽቦው ራሱ የሚያስቀረው 6.5 ቮልት ነው። ቀሪው 10.5 ቮልት መገጣጠሚያው ላይ ነው የጠፋው። 10.5 ቮልት በ14.7 አምፔር ሲባዛ 154 ዋት ይሆናል።

154 ዋት ምን ማለት ነው? ላብራቶሪያችን ውስጥ እርሳስ አቅልጠን ሽቦ የምንበይድበት መሣሪያ ከ40 እስከ 60 ዋት ነው። ግድግዳው ውስጥ፣ የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ፣ ከሁለት የሚበልጡ የመበየጃ ብረቶች ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ይግላሉ ማለት ነው። ለዚያ ሙቀት ደግሞ ቆጣሪው ያስከፍለናል።

ግድግዳው ጭቃና እንጨት ከሆነ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ከሆነ፣ ወይም በገጠሩ እንዳለው መብራት የገባበት ባለ ሳር ክዳን ጎጆ ከሆነ፣ ያ ሙቀት የሚበላው ነገር አጠገቡ አለ።

ብሬከሩ ለምን ዝም አለ?

እዚህ ላይ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሳል፦ ይሄ ሁሉ ሙቀት እያለ ብሬከሩ ወይም ባልቦላው ለምን አልቆረጠም?

ብሬከር የሚቆጥረው አምፔርን ብቻ ነው። የተሠራው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ፌዝና ኒውትራል ሲገናኙ እንዲቆርጥ ነው። ከላይ ባየነው ቤት ግን አምፔሩ አልጨመረም፤ እንዲያውም ጤነኛ በነበረ ጊዜ ከነበረው 15.4 ወደ 14.7 ወርዷል። በ20 አምፔር ብሬከር ዓይን ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ሰላም ላይ ነው። «ብሬከር አለን፣ አይቆርጥም፣ ስለዚህ ደህና ነን» የሚለው አባባል የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። የላላ መገጣጠሚያን ከብሬከሩ ቀድሞ የሚናገረው የአምፖሉ መደብዘዝ ነው።

መገጣጠሚያ የሚታመምበት ምክንያት ብዙ ነው። ቡለኑ መጀመሪያውኑ በደንብ አልጠበቀ ይሆናል። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዝዞ ናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎበት ይሆናል። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር መዳቡ ሞቆ ይለጠጣል፣ ሲነቀል ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይላላል። ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይዝጋል፣ ሲዝግ ተቃውሞው ይጨምራል፣ እንደገና ይበልጥ ይሞቃል። ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል እንጂ በጊዜ ብዛት አይሻለውም።

ከቤት ውጭ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከምሰሶ የሚመጣው መስመር ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ የቤቱ ሽቦ መዳብ ነው። ሁለቱ ያለ ልዩ ማያያዣ በቀጥታ ከተጠማዘዙ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ በላዩ ላይም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሠራል። ክረምት ካለፈ በኋላ መብራታቸው መደብዘዝ የጀመረባቸው ቤቶች በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይሄን ከጣሪያው ጥግ ያለ መያያዣ ነው።

መልቲሜትር ለሚይዙ

በመጀመሪያ ስለ ቴስተር አንድ ቃል። ብዙ ቤት ያለው መብራት ያላት ካቻቢቴ «ኤሌክትሪክ አለ» ወይም «የለም» ትላለች እንጂ ስንት እንዳለ አትናገርም። በ150 ቮልትም በ220 ቮልትም ትበራለች። ለመደብዘዝ ጥያቄ መልስ የላትም።

መልቲሜትር መጠቀም የሚያውቅ ተማሪ ግን ምንም ነገር ሳይፈታ በሶኬቶች ላይ ብቻ ለክቶ ብዙ ማወቅ ይችላል። መለኪያውን በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጉ፤ የመለኪያው ገመድ ያልተላጠ፣ እጅ የደረቀ፣ እግር ጫማ ያደረገ ይሁን። ከዚህ በፊት ለክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ይህን ክፍል አንብባችሁ ለባለሙያው ተዉት።

ሁለት ቦታ ምረጡ፦ ለቆጣሪው የቀረበ ሶኬትና የማድቤቱ ሶኬት። ሁለቱንም ምጣዱ ሳይሰካና ተሰክቶ ለኩ፤ አራቱን ቁጥሮች ጻፉ።

የቆጣሪው ጎን ሳይነቃነቅ ማድቤቱ ከ7 እስከ 8 ቮልት ብቻ ከወረደ ሽቦው ሩቅ ስለሆነ ነው፤ መገጣጠሚያው ጤነኛ ነው። የቆጣሪው ጎን ሳይነቃነቅ ማድቤቱ 15፣ 20 ቮልትና ከዚያ በላይ ከወረደ ሽቦው እጅግ ቀጭን ነው ወይም መሐል ላይ የታመመ መገጣጠሚያ አለ። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ችግሩ ከቆጣሪው ጎን ሶኬት በፊት ነው፤ ያኔ ጎረቤት ሄዳችሁ ሻይ እየጠጣችሁ የነሱን መብራት ተመልከቱ። ምጣዱ ሳይሰካም ሁለቱም 190 ወይም ከዚያ በታች ካሳዩ ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ዝቅተኛ ቮልቴጅ እየደረሰው ነው።

መለኪያ ለሌለው ሰው ደግሞ ሌሎች ምልክቶች አሉ፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ሶኬት ዙሪያ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም፣ ዝዝ የሚል ድምፅ፣ ምጣዱ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሞቀ የሶኬት ሽፋን። ከነዚህ አንዱ ከታየ ምጣዱን ነቅሎ፣ የዚያን መስመር ብሬከር አውርዶ ባለሙያ መጥራት ነው። እሳት ከተነሳ ደግሞ በመጀመሪያ ዋናውን ማጥፋት እንጂ ውሃ መርጨት አይገባም።

አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ከደመቀ

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ምልክት አለ። አንዳንዱ አምፖል ሲደበዝዝ ሌላው ከወትሮው በላይ ከደመቀ፣ ወይም የኛ ቤት ሲፈዝ የጎረቤት መብራት ካበራ፣ ምርመራ የለም። ዋናውን አጥፍቶ፣ ለጎረቤትም «አጥፉ!» ብሎ ጮሆ፣ ወዲያውኑ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ 905 መደወል ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ይወጣሉ። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ፣ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380። የተለያየ ፌዝ ያላቸው ቤቶች ሁሉ መመለሻቸው አንዱ ኒውትራል ነው። እሱ ከተበጠሰ ወይም ከላላ የሁለት ቤት ዕቃዎች ሳያውቁት በ380 ቮልት ላይ በተርታ ይያያዛሉ፤ ቮልቱንም እንደ ተቃውሟቸው ይከፋፈላሉ። አንዱ ቤት 3,500 ዋት ምጣድ፣ ሌላው ቤት ቴሌቪዥንና አምፖል በድምሩ 200 ዋት ብቻ ሰክተዋል እንበል። ሒሳቡ ሲሠራ ምጣድ ያለው ቤት 20 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት 360 ቮልት ገደማ። በአንድ ሌሊት የሰፈሩ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ተቃጠለ ሲባል ከምንጠረጥራቸው ምክንያቶች ዋናው ይሄ ነው። የተበጠሰው ኒውትራል ከብጥሱ ወዲህ ሰው ሊይዝ የሚችል ኤሌክትሪክ ይሸከማልና «ኒውትራል ነው» ብሎ መንካት ሕይወት ያስከፍላል።

መፍትሔ የሚመስሉ ነገሮች

ስታቢላይዘር መግዛት፦ ሰፈሩ በሙሉ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ከሆነ ለማቀዝቀዣና ለቴሌቪዥን ይጠቅማል። ችግሩ ቤት ውስጥ ያለ የላላ መገጣጠሚያ ከሆነ ግን ያባብሰዋል። ስታቢላይዘር ኃይል አይፈጥርም፤ 1,000 ዋት ለሚፈልግ ዕቃ በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ይበቃ የነበረውን በ180 ቮልት 5.6 አምፔር ይስባል። ያ ጭማሪ በታመመው መገጣጠሚያ ነው የሚያልፈው።

ባልቦላውን በወፍራም ሽቦ መቀየር፦ ባልቦላ ሲቃጠል ከሽቦው በፊት እንዲቃጠል ተደርጎ የተሠራ ነው። በወፍራም ሽቦ ከተተካ የሚቀጥለው ተቃጣይ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ናስትሮ ላይ ናስትሮ መጠቅለል፦ ናስትሮ ሰውን ከሽቦው ይከላከላል እንጂ ሽቦን ከሽቦ ጋር አያጠብቅም። የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ፣ መዳቡ ተጠርጎ፣ በሞርሴቶ ተጠብቆ፣ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ትክክለኛው የዘለቄታ መፍትሔ ለምጣዱ የራሱን መስመር መስጠት ነው፦ ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ፣ መሐል ላይ ሳይቆራረጥ፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከራሱ ብሬከር ጋር። ለዚያ ለጥያው ቤት የ30 ሜትሩ መውረድ ከ7 ወደ 4 ቮልት ግድም ይቀንሳል፣ የማድቤቱ አምፖልም ምጣዱ መሰካቱን አያውቅም። የሽቦው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቤት ለመሥራት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የጎረቤት ሐቅ

በየከተሞቻችን የራሱ ቆጣሪ የሌለው ቤት ከጎረቤት መስመር ቀጥሎ መጠቀሙ የተለመደ ነው። መተጋገዙ መልካም ነው። ነገር ግን ለአንድ ቤት በተሠራ መስመር ሁለትና ሦስት ምጣድ ሲሰካ ሙቀቱ የሚያርፈው በባለ ቆጣሪው ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው። ተቀጥሎ የሚጠቀም ሰው ከሒሳቡ ድርሻ በተጨማሪ ሌላ ሐቅ አለበት፦ መስመሩ ስንት እንደሚችል ማወቅና ምጣድን በተራ መጠቀም። ሁለት ምጣድ አብሮ 32 አምፔር ነው፤ ለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሚፈቀደው በላይ። እናቶች ሰዓት ተከፋፍለው ቢጋግሩ ይህን ያለ አንዳች ወጪ ማስቀረት ይቻላል።

የመስጊዶቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። ድምፅ ማጉያ፣ ማራገቢያ፣ ፓምፕና ተጨማሪ መብራት በየዓመቱ በበጎ አድራጊ ይጨመራሉ፤ ሽቦው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ዕቃ የሚለግስ ሰው ሲመጣ «ሽቦውስ ይችለዋል?» ብሎ መጠየቅ የኮሚቴው ድርሻ ነው።

ባለሙያ ሲመጣ ምን እንንገረው?

ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የአገልግሎት ሰጪው ንብረት ነው፤ የቆጣሪ ማሸጊያ አይፈታም፣ ምሰሶ አይወጣም፣ የሚደወለው 905 ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የኛ ነው፤ የሚሠራውም የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ትልቁ አገልግሎታችን ፒንሳ ይዞ መፍታት አይደለም። «መብራት አልሠራም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብሎ መናገር ነው፦ «ምጣድ ሲሰካ ሳሎን ደህና ነው፣ ማድቤት ይደበዝዛል፤ ቆጣሪው ጋ 220፣ ማድቤት 203።» ይህን የሰማ ባለሙያ በቀጥታ መሐል ያለውን መገጣጠሚያ ይከፍታል። ግድግዳ አይፈለፈልም፣ ያልታመመ ሽቦ አይቀየርም፣ ቤተሰብም ያለ ጥቅም ገንዘብ አያወጣም።

ለዓረፋ አገር ቤት ስንገባ እንግዳ ከመብዛቱ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ እንስጥ። ምጣዱን እንሰካ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እንይ፣ የሶኬቱን ሽፋን ሙቀት እናስተውል፣ ያየነውን እንጻፍ። ጥያቄ ያለው፣ ወይም የለካቸውን ቁጥሮች አብረን እንድናይለት የሚፈልግ ከዒሻ በኋላ መስጊድ ግቢ ያገኘናል፤ ኢንሻ አላህ አብረን እናየዋለን።

አላህ ቤቶቻችንን ከእሳት አደጋ ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።